በኦንላይን ጃፓን ላሉ ልጆች ማስተማር ለእኛ ለዕጩ መምህራን ልምድ ይሆናል?

የሐይቅ ዳሯ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ሀዋሳ ነው ያለሁት። እንግሊዝኛ ነው የማጠናው፣ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ስጨርስ ማስተማር እፈልጋለሁ። ሌላ አጥቼ አይደለም፣ ከልቤ ነው። ይሄን ቀድሜ የምናገረው ብዙ ሰው «ሌላው ስላልደረሰሽ ነው» ስለሚለኝ ነው።

ሰሞኑን አንድ መምህራችን አዲስ ነገር ይዘው መጡ። ጃፓን ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ እኛን ከእነሱ ዕጩ መምህራን ጋር አጣምሮ እዚያ ላሉ ልጆች በኦንላይን እንግሊዝኛ እንድናስተምር ጠይቋል። አንድ ከእኛ አንድ ከእነሱ ሆነን ትምህርቱን አብረን እናዘጋጃለን፣ አብረን እናስተምራለን። ተማሪዎቹ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ ሴሚስተሩን ሙሉ። ክፍያ የለውም። ሲያልቅ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «እንዲህ ያለ ዕድል ሁሌ አይገኝም፣ ዝም ብላችሁ ግቡ» ይላል። ሌላው ደግሞ «እኛ ነገ የምንገባው 60 እና 70 ልጅ ያለበት ክፍል ነው፣ ያለን ሰሌዳና ጠመኔ ነው፣ እያንዳንዱ ልጅ ታብሌት ይዞ የሚቀመጥበትን ክፍል ማስተማር ለእኛ ምን ይሠራልናል?» ይላል። ለእኔ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ለዚህ ነው መወሰን ያቃተኝ።

እና ይሄ በእውነት የማስተማር ልምድ ይባላል ወይ? የሞከራችሁት ካላችሁ ምን አገኛችሁበት? ሌላም የሚያስጨንቀኝ አለ። እኔ እንግሊዝኛን የለመድኩት ከትምህርት ቤት ነው። አነጋገሬ ለልጆቹ ባይገባቸውስ? ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) የወጣሁትም ለምልከታ ብቻ ነው፣ ሰው ፊት ቆሜ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ አላውቅም። የመጀመሪያዬ በስክሪን ሊሆን ነው ማለት ነው።

መምህር ከአቶቴ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ወደ ሙያው መጣሽ። ወደው የሚመጡ ሰዎች ያስፈልጉናል።

እኔ ስክሪን ሲባል ቶሎ ልቤ አይቀበልም። ምክንያቱን ልንገርሽ። ሁለተኛ ደረጃ በምንማርበት ጊዜ ፕላዝማ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ገባ፣ የአንቺ ዕድሜ ያሉት ላያስታውሱት ይችላሉ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። የሚያስተምሩት ሰዎች በጣም ይፈጥናሉ። ጥያቄ ይጠይቁና ትንሽ ሰከንድ ሰጥተው ራሳቸው ይመልሱታል፣ እኛ ደግሞ ገና ጥያቄውን ደብተራችን ላይ እየገለበጥን ነው። መምህራችን ጥግ ላይ ቆመው አብረውን ያያሉ። ማቆም አይችሉም፣ መመለስ አይችሉም። መብራት ከጠፋ የዚያን ቀን ትምህርት አለቀ። ጎበዝ ጎበዝ መምህራን ነበሩን፣ ግን በገዛ ክፍላቸው እንግዳ ሆኑ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ጽሑፍሽን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ያ ነው። ቆይቼ ሳስበው ግን የአንቺ ነገር ይለያል። ፕላዝማው አይሰማንም ነበር። አንቺ ግን ትሰሚያለሽ። ልጁ ሲያመነታ ታያለሽ፣ ቆም ትያለሽ፣ ወደ ኋላ ተመልሰሽ በሌላ መንገድ ታስረጃለሽ። ይሄ ካለ ማስተማር ነው። ስላይድ ከፍተሽ እያነበብሽ የምትወጪ ከሆነ ግን ከፕላዝማው በምን ተለየሽ?

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዢልኝ። የእኛ ክፍል የሚፈልገውን ሁሉ እዚያ አታገኚውም። አንድ ዴስክ ላይ ሦስትና አራት ሆነው የተቀመጡ ልጆችን በቡድን ማሠራት፣ ከኋላ ያለው ልጅ እንዲታየው አድርጎ ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ የሙሉ ክፍል ደብተር ማረም፣ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ የደከመውን ልጅ ከሰነፈው ልጅ መለየት፣ እነዚህ የሚለመዱት ክፍል ውስጥ ገብቶ ብቻ ነው። ፕራክቲከምሽን በዚህ እንዳትተኪው። ጎን ለጎን ከሆነ ግን ግቢበት።

አዳማ የተማርኩት

እኔ ሞክሬዋለሁ። የተማርኩት አዳማ ነው። የእኛ ከአሜሪካ ተማሪዎች ጋር ነበር፣ አሁን መንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ሰባተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም አይቻለሁ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

የጠቀመኝን ልንገርሽ። እኛ አገር አስተማሪ «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። የገባውም ያልገባውም። እኔም ተማሪ ሆኜ እንደዚያ እያልኩ ነው ያደግኩት። ኦንላይን ላይ ይሄ አይሠራም። የሁሉም ማይክ ዝግ ነው። «ገባችሁ?» ስትያቸው ዝም ይሉሻል፣ አንዳንዱ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ምን እንደተረዱ በምን ታውቂያለሽ? ስለዚህ ጥያቄሽን መለወጥ ግድ ይሆንብሻል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ትጽፊና «ትናንት ስለሆነው ነገር የሚናገረው የትኛው ነው? አንደኛው ከሆነ አንድ ጣት፣ ሁለተኛው ከሆነ ሁለት ጣት አሳዩኝ» ትያለሽ። ያኔ በአንድ ጊዜ የሁሉንም ታያለሽ። ማን እንደገባው፣ ማን የጓደኛውን ጣት አይቶ እንዳነሳ ሳይቀር ይታወቅሻል። ዛሬ ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ባለው ክፍሌ በየቀኑ የምጠቀምበት ይሄንኑ ነው። ታብሌት የሚባል ነገር አልፈለገም።

ሁለተኛው መጠበቅ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የሚባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ አጠኑ። አብዛኛው መምህር የሚጠብቀው ወደ አንድ ሰከንድ ነው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ። ይሄን ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፣ ለፈተናም አጥንቼዋለሁ። ግን ክፍል ፊት ስትቆሚ ዝምታ ያስፈራል፣ ሳታስቢው ራስሽ ትመልሺዋለሽ። ኦንላይን ላይ ግን ድምፁ ራሱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ጠይቀሽ ካልጠበቅሽ ከልጁ ጋር ትጋጫላችሁ፣ ሁለታችሁም ትናገሩና ሁለታችሁም ታቆማላችሁ። ኔትወርኩ መጠበቅን በግድ ያስለምድሻል። እኔን ያስለመደኝ እሱ ነው፣ እውነቴን ነው።

ስለ ይዘቱ ደግሞ፣ የወራትን ስም በእንግሊዝኛ ስናስተምር አጣማሪዬ የራሳቸውን 12 ወር አቀረበች፣ እኔ የእኛን 13 ወር አቀረብኩ። ጳጉሜ 5 ቀን እንደሆነች፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 እንደምትሆን ነገርኳቸው። አንድ ልጅ እጁን አወጣና «በጳጉሜ 6 የተወለደ ሰው ልደቱን መቼ ነው የሚያከብረው?» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ዝም ያሰኛቸው! ፌብሩዋሪ 29 የተወለደ የአጎት ልጅ ያለው ተነሳ፣ ሌላው ተነሳ፣ መጽሐፉ ላይ የነበረውን መልመጃ ማንም አላስታወሰውም፣ ግን የወራቱን ስም ሳያውቁት ሲናገሩት ዋሉ። አንቺ ሀዋሳ ስላለሽ ከእኔ የተሻለ ነገር አለሽ። ፊቼ ጫምባላላን ውሰጂ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ የመዘገበው የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል ነው፣ ቀኑን የሚወስኑት ደግሞ አያንቱዎች (ኮከብ ተመልካቾች) ሰማይ አይተው ነው። ጃፓኖችም እስከ 1873 እ.ኤ.አ. ድረስ ጨረቃን የሚከተል የራሳቸው አቆጣጠር ነበራቸው። ልጆቹ አያቶቻቸውን ጠይቀው እንዲመጡ አድርጊ፣ ትምህርቱ ራሱ ይሄዳል።

መጥፎውንም ልንገርሽ፣ ሸፋፍኜ አላልፍም። የእኛ ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ እነሱ ትምህርቱን ጨርሰው አዘጋጅተው ይመጣሉ፣ እኛን «ስለ ባህላችሁ አምስት ደቂቃ ተናገሩ» ይሉናል። ቡና አፈላል አሳየን፣ የባህል ልብስ ለበስን። ያ ማስተማር አይደለም። መምህራችን ተከራክረው ነው ሙሉ ክፍለ ጊዜ በየተራ እንድንይዝ ያደረጉት። ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት ድርሻሽን ጠይቂ።

ልጠይቅ ብቻ

ቅር እንዳይልሽ እህቴ፣ ግን ማን ነው የሚጠቀመው?

የጃፓን ልጅ መምህር አላጣም። እዚያ መንግሥት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ መሣሪያ አድሏል። እዚህ ታቦር ተራራ ሥር ያለ ስምንተኛ ክፍል ልጅ ግን አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት ያቅተዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁላችንም ደነገጥን፣ ከዚያ ረሳነው። ልምድ የምትፈልጉ ከሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ሰብስባችሁ አስተምሩ። እነሱም ይጠቀማሉ፣ እናንተም የወደፊት ክፍላችሁን ትለምዳላችሁ። ኢንተርኔትም አያስፈልገው። የውጭ ስም ስላለበት ብቻ የእኛ ልጆች ሁለተኛ መሆናቸው ያመኛል።

መምህራን አሠልጣኝ ነኝ

የ«ልጠይቅ ብቻ» ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ለጠያቂዋ።

ልጄ፣ ይሄ አሠራር አዲስ ፈጠራ አይደለም። ኮይል ይሉታል። የኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ማዕከል አቋቁሞለታል። ዋናው ሐሳብ ሁለት አገር ያሉ ሁለት መምህራን አንድ ኮርስ ወይም የኮርስ ክፍል እኩል ሆነው ያዘጋጃሉ፣ ተማሪዎቻቸውም አብረው አንድ ነገር ይሠራሉ የሚል ነው። «እኩል ሆነው» የምትለዋን አስምሪባት። አንዱ ወገን አዘጋጅ ሌላው ተጋባዥ ከሆነ ያ ጉብኝት ነው፣ ሥልጠና አይባልም። የአዳማዋ ልጅ የጻፈችው በትክክል ይሄንኑ ነው።

ልምድ ይባላል ወይ ላልሽው፣ የሚወስነው ከትምህርቱ በኋላ ባለው ሰዓት ነው። ማይክሮ ቲቺንግ ተምረሻል፣ ከስታንፎርድ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣ ነው። አጭር ትምህርት ታስተምሪያለሽ፣ ይታያል፣ አስተያየት ይሰጥሻል፣ አሻሽለሽ እንደገና ታስተምሪያለሽ። ትልቁ ነገር ያ «እንደገና» ነው። በእኛ ፕራክቲከም ብዙ ጊዜ የሚጎድለውም እሱ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ስንት ተማሪ ተሸክሞ፣ አንድ ጊዜ መጥቶ ቅጽ ሞልቶ ይሄዳል። ኦንላይኑ ላይ ግን አጣማሪሽ ሙሉውን ታያለች፣ መምህርሽ ከቢሮው ሆኖ ያያል፣ ወዲያው ተነጋግራችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ታሻሽያለሽ።

ጃፓን መሆኑ ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው። ጃፓኖች ከመቶ ዓመት በላይ ያቆዩት ልማድ አላቸው፣ ሌሰን ስተዲ ይባላል። መምህራን ተሰብስበው አንድ ትምህርት በጋራ ያቅዳሉ። አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ክፍሉ ውስጥ ሆነው ያያሉ። የሚያዩት ግን መምህሩን አይደለም፣ ተማሪዎቹን ነው። የትኛው ልጅ የት ጋ ተደናቀፈ? ምን ሲባል ፊቱ በራ? ከዚያ ቁጭ ብለው ስለዚያ ብቻ ይወያያሉ። «ድምፅሽ ቀጭን ነው፣ አለባበስሽ ጥሩ ነው» የሚል አስተያየት አይደለም። እባክሽ አጣማሪሽን ይሄን ጠይቂያት፣ አብራችሁ ሥሩት። እኔ በአንቺ ዕድሜ እንዲህ ዓይነት ነገር ባገኝ ኖሮ ደስታዬን አልችለውም ነበር።

ስለ አነጋገርሽ አትጨነቂ። በዓለም ላይ እንግሊዝኛ ከሚናገረው ሰው አብዛኛው ቋንቋው ያደገበት አይደለም። እነዚያ ልጆችም ነገ ሥራ ላይ የሚያገኙት እንደ አንቺ ያለውን ሰው ነው። ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቀሚ፣ ዋናውን ቃል ጽፈሽ አሳዪ። ቋንቋውን በትምህርት የተማረ ሰው የት ቦታ እንደሚከብድ ያውቃል፣ ይሄ ትልቅ ሀብትሽ ነው።

አሁን ወደ «ልጠይቅ ብቻ»። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ ፒስ ኮሮች (የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች) አዲስ አበባ ሲገቡ ወደ 280 የሚጠጉ ነበሩ። ብዙዎቹ ከኮሌጅ ገና የወጡ ወጣቶች ነበሩ፣ በየክፍለ ሀገሩ ተበትነው አስተማሩ። የእኔ አባት ሒሳብ የተማረው ከእነሱ ነው፣ እስከ ዛሬ ያመሰግናቸዋል። ጥቅሙ ግን የእኛ ብቻ አልነበረም። ማስተማር የለመዱት እኛ ክፍል ውስጥ ነው፣ ያንን ይዘው ነው አገራቸው የተመለሱት። አሁን የእኛ ልጆች በተራቸው የሌላ አገር ልጅ አስተምረው ልምድ ቢወስዱ ምኑ ላይ ነው ስህተቱ? የአንተ ጭንቀት ልክ የሚሆነው ነገሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲሄድ ነው። ስለዚህ መፍትሔው መተው ሳይሆን አጸፋውን መጠየቅ ነው። የጃፓኖቹ ዕጩ መምህራንም ከእኛ ልጆች ጋር ሀዋሳ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተምሩ። አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ለአንድ ክፍል ይበቃል። ሱጋታ ሚትራ የሚባሉት ህንዳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2009 የእንግሊዝ አያቶችን በስካይፕ ከህንድ ልጆች ጋር እንዲያወሩ ሲጠይቁ የተጠቀሙት እንደዚሁ ያለ ቀላል ነገር ነው። የእኛ ዕጩ መምህር ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ፣ በሲዳምኛም በአማርኛም እያገዘ፣ ያንን የተጨናነቀ ክፍል ይለማመዳል።

የሐይቅ ዳሯ

መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ ጊዜዎን ሰጥተው ስለጻፉልኝ። ሌሎቻችሁም ተባረኩ። ሌሰን ስተዲ የሚባለውን እንደዚህ ገብቶኝ አያውቅም ነበር። «ልጠይቅ ብቻ» ደግሞ ቅር አላለኝም ወንድሜ፣ እኔንም የሚያመኝ ነገር ነው።

ሁለት ተግባራዊ ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ ላፕቶፕ የለኝም፣ ስልክ ነው ያለኝ። የግቢው ዋይፋይ ማታ ማታ አይነቃነቅም፣ በዳታ ከሆነ ደግሞ ስንት ይበላል? ሁለተኛ ሰዓቱ። ጃፓን ከእኛ በ6 ሰዓት ይቀድማል አሉን። የእኛ 2 ሰዓት፣ የፈረንጅ 8፣ የእነሱ ስንት እንደሆነ ስናሰላ ክፍሉ በሙሉ ግራ ተጋባ።

ኔትወርክ ላይ የምሠራ

ሰዓቱን ከሁሉም በላይ ወድጄዋለሁ፣ ከእሱ ልጀምር። ጃፓን ከእኛ 6 ሰዓት ይቀድማል። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 12 ይሆናል። ስለዚህ ዲጂታል ባልሆነ ሰዓት ላይ ሁለታችሁም የምታዩት አንድ ዓይነት ነው! ግድግዳ ላይ ያለው የእኛ ሰዓት ጠዋት 3 ሲል የእነሱም 3 ይላል፣ እነሱ ጋ ከሰዓት በኋላ መሆኑ ነው እንጂ። ምንም ማስላት የለም። ጃፓን በበጋ ሰዓት የመቀየር ልማድም የላትም፣ ዓመቱን ሙሉ እንደዚሁ ነው። አሜሪካ ቢሆን በማርችና በኖቬምበር ይቀየርባችሁ ነበር።

ችግሩ ሌላ ነው። የእነሱ የጠዋት ክፍለ ጊዜ ለእኛ ሌሊት ነው። የሚሆናችሁ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ወይም ከትምህርት በኋላ ያለው ክለብ ነው፣ ማለትም የእኛ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 4፡30 አካባቢ። ከራሳችሁ ሌክቸር ጋር እንዳይጋጭ ፕሮግራሙ ከመውጣቱ በፊት አስተካክሉ። ጠዋት መሆኑ ግን በጀ፣ የማታውን መጨናነቅ ታመልጡታላችሁ። የትምህርት ዘመናቸው የሚጀምረው በኤፕሪል ነው፣ በእኛ መጋቢት መጨረሻ ማለት ነው፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ደግሞ የክረምት ዕረፍታቸው ይመጣል። የሴሚስተሩን ካሌንደር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩት።

ዳታው፣ በዙም ቪዲዮ ከፍቶ በቡድን መነጋገር በሰዓት ከ800 ሜጋባይት ይጀምራል፣ ጥራቱ ከጨመረ ከ2 ጊጋም ያልፋል። በየሳምንቱ ከኪሳችሁ የሚሆን አይደለም። ትምህርት ክፍላችሁ አንድ ክፍል በኬብል ኢንተርኔት እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ኬብል ከዋይፋይ በጣም ይሻላል፣ በተለይ ሰው ሲበዛ። መብራት ሲጠፋስ? ያኔ ስልክሽን በዳታ አብሪና ቪዲዮውን ዘግተሽ በድምፅ ብቻ ቀጥዪ፣ ድምፅ ብቻ በጣም ትንሽ ነው የሚበላው። ለዚያ ቀን የሚሆን ምስልና መልመጃ አስቀድመሽ ለአጣማሪሽ ላኪላት፣ አንቺ ከጠፋሽ እሷ ታሳያለች። እርስ በርሳችሁ ለዝግጅት ስትገናኙ ደግሞ ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል፣ እሱን አስቡበት። ለዝግጅቱ ስልክ ይበቃል። ለማስተማሩ ግን ላፕቶፕ ያስፈልግሻል፣ በስልክ ስክሪን 30 ፊት አይታይም፣ ፊታቸው ካልታየሽ ደግሞ ከላይ የተባለው ሁሉ አይሆንም።

ምክትል ርዕሰ መምህር

የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ መምህራን ስንቀጥር ኮሚቴ ውስጥ እገባለሁ። ስለ ምስክር ወረቀቱ አንድ ነገር ልበል። ወረቀቱን እናያለን፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ የሚወስነው ግን ዴሞ ነው። ክፍል ገብተሽ ስታስተምሪ ነው የምንለይሽ። ከላይ ስለ ጣት የተጻፈውን የምታደርግ አመልካች ብትመጣ እኔ ወዲያው አያታለሁ።

ወረቀቱ ዋጋ እንዲኖረው ከፈለግሽ «ተሳትፋለች» ብቻ የሚል አይሁን። ምን ክፍል አስተማርሽ፣ ስንት ክፍለ ጊዜ መራሽ፣ በምን ርዕስ፣ ማን ተከታተለሽ የሚለው ይጻፍበት። ከውጭው ብቻ ሳይሆን ከራስሽ ትምህርት ክፍልም ማህተም ያለው ደብዳቤ ያዢ። የትምህርት ዕቅዶችሽንና የተሰጠሽን አስተያየት ሰብስበሽ በአንድ ፋይል አስቀምጪ። እሱን ይዛ የመጣች ልጅ ለእኛ ብዙ ትናገራለች።

ሌላ በጣም የምጠነቀቅበት ነገር አለ። ተማሪዎቹ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። የወላጅ ፈቃድ መኖሩን አረጋግጪ። የክፍሉን ስክሪን ፎቶ አንስቶ ቲክቶክም ሆነ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ በፍጹም አይሆንም። ከልጆቹ ጋር በግል አካውንት መጻጻፍም እንደዚያው። ልጅ ወዶሽ ቢጽፍልሽ እንኳ ለመምህሩ ተናገሪ እንጂ አትመልሺ። የጃፓኖቹ ተማሪዎች ወደ እኛ ልጆች ሲመጡም ሕጉ ያው ነው፣ የእኛ ልጆችም ወላጅ አላቸው።

ልጠይቅ ብቻ

አሠልጣኙ ያሉት ይገባኛል። ወደ ሁለቱም ወገን ከሄደ የእኔ ቅሬታ ይቀላል። የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል የሚማርበት ትምህርት ቤት መናኸሪያ አካባቢ ነው፣ ፕሮጀክተር አላቸው፣ የሚሠራበት ሰው ስለሌለ ቢሮ ተቆልፎበታል። የእንግሊዝኛ መምህራቸውን አውቃቸዋለሁ። የምትፈልጉ ከሆነ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ። የቅዳሜውን ነገር ግን አልተውኩትም፣ እሱ ማንንም ሳይጠብቅ ነገ ሊጀመር ይችላል።

አዳማ የተማርኩት

ልጠይቅ ብቻ፣ ይሄን ብታደርግ ትልቅ ነገር ነው። የእህትህ ልጅ ዕድሜም ከእነዚያ ልጆች ጋር ይቀራረባል፣ ልጆቹ ራሳቸው ጥያቄ ሊለዋወጡ ይችላሉ። የእኛ ጊዜ ይሄ አልነበረም፣ ቢኖር ምንኛ ጥሩ ነበር።

የሐይቅ ዳሯ

እገባበታለሁ፣ ወሰንኩ። ረቡዕ ከመምህራችን ጋር ስብሰባ አለን። የምጠይቀውን ጽፌ ይዣለሁ። ሙሉ ክፍለ ጊዜ በየተራ እንድንይዝ፣ ከእያንዳንዱ ትምህርት በኋላ ከአጣማሪዎቻችን ጋር የምንወያይበት ሰዓት በፕሮግራሙ ውስጥ እንዲገባ፣ ኬብል ያለው ክፍልና ላፕቶፕ፣ የወላጆች ፈቃድ፣ ደብዳቤው ምን እንደሚል። ከሁሉም በላይ የጃፓኖቹ ተማሪዎች እዚህ ላሉ ልጆች እንዲያስተምሩ። ፕራክቲከሜን አልነካውም።

ወንድሜ ልጠይቅ ብቻ፣ መምህሩን አነጋግርልን፣ እባክህ ከረቡዕ በፊት ከሆነ ደስ ይለኛል። ቅዳሜውንም እኔና ሁለት ጓደኞቼ እንመጣለን፣ ልጆቹ የት እንደሚሰበሰቡ ንገረን።

መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የመጀመሪያውን የትምህርት ዕቅድ በፊቼ ጫምባላላ ላይ ልሥራው ብዬ አስቤ ነበር። ለ13 ዓመት ልጅ በእንግሊዝኛ ከብዶት ይሆን?

መምህራን አሠልጣኝ ነኝ

አይከብድም፣ ካጠበብሽው። በዓሉን በሙሉ ለማስረዳት አትሞክሪ። አንድ ጥያቄ ብቻ ውሰጂ፦ አዲስ ዓመት የሚገባበትን ቀን ማን ይወስናል? እናንተ ጋ ማን፣ እኛ ጋ ማን። አምስት ወይም ስድስት አዲስ ቃል ይበቃል። ስለ አያንቱዎች የምትጽፊውን ግን ከኢንተርኔት አትቅጂ፣ ሀዋሳ ነው ያለሽው፣ በዓሉን የሚያውቁ የሲዳማ ሽማግሌ ፈልገሽ ጠይቂ። ዕቅዱን ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።